መርማሪ ፖሊስ ባስፈረደው ሰው ብዛት ሊመዘን ይገባልን?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ የፖሊስ መምሪያ የዕቅድና ምዘና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለመርማሪዎች አዲስ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ እያዘጋጀን ነው። እያንዳንዱ መርማሪ በሩብ ዓመት ይህን ያህል የጥፋተኝነት ውሳኔ ማስገኘት አለበት የሚል ዒላማ እንዲገባበት ከበላይ ሐሳብ ቀርቧል። ሕዝቡ ከእኛ የሚጠብቀው ወንጀለኛ ተቀጥቶ ማየት ነው የሚል ምክንያትም ተሰጥቷል። እኔን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አስረግጬ ማስረዳት አልቻልኩም። ዒላማው ስሕተት ነውን? ከሆነስ በምን እንተካው?»

የከነከነዎት ነገር በቂ ምክንያት አለው። ዒላማው ስሕተት ነው፤ በቅጹም ውስጥ ሊገባ አይገባም። ይህን የምለው 6 ዓመት በመርማሪነት፣ ከዚያም 14 ዓመት በዐቃቤ ሕግነት ስሠራ፣ መዝገብ አዘጋጅቶ በመላክም ተቀብሎ በማየትም ካገኘሁት ልምድ ተነሥቼ ነው።

በዚህ ዒላማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ተቃውሞ ለመርማሪው ፍትሐዊ አይደለም የሚለው ነው። ፖሊስ ያጣራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል። መዝገቡ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ምስክር አድራሻው ሊጠፋ፣ የክሱ አንቀጽ ሊሳሳት፣ ቀጠሮ ሲጓተት ተበዳዩ ሊሰለችና ሊተወው ይችላል፤ ስለዚህ መርማሪው እጁ በማይደርስበት ነገር ይመዘናል። ይህ እውነት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ይልቅ ዒላማው መርማሪውን በጉዳዩ ውጤት ጥቅም ያለው ሰው የሚያደርገው መሆኑ ነው። ዳኛ በያዘው ጉዳይ ላይ ጥቅም ካለው ከችሎት እንዲነሣ እንጠይቃለን። ዳኛው የሚያየው ግን ተጣርቶ የቀረበለትን ብቻ ነው፤ ማን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚፈተሽ፣ የትኛው ወረቀት ከመዝገቡ ጋር እንደሚያያዝና የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር የሚወስነው መርማሪው ነው። የመርማሪውን የደረጃ ዕድገት በጥፋተኝነት ውሳኔ ላይ ስንመሠርት፣ ለዳኛው የከለከልነውን ጥቅም ዳኛው ምን እንደሚያይ ለሚወስነው ሰው በገዛ ቅጻችን እንሰጣለን።

ነገሩ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። ሌሊት አንድ ሱቅ ተሰብሮ ዕቃ ተወሰደ እንበል። የአካባቢው ሰዎች ከዚህ ቀደም በስርቆት የተቀጣ አንድ ወጣት ይጠቁማሉ፤ አንደኛውም በዚያ ሰዓት ሲያልፍ አይቼዋለሁ ይላል። መርማሪው የምስክሮቹን ቃል ተቀብሎ በዚያው ቢያጠናቅቅ ክስ ሊመሠረትበት የሚችል መዝገብ በእጁ አለ። ወጣቱ ግን ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ በማለቱ መርማሪው ወደ ሥራ ቦታው ይሄዳል፤ የመግቢያና የመውጫ መዝገቡን ያያል፣ የፈረቃ ኃላፊውን ያነጋግራል፣ በሩ ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸው ምስል ሳይጠፋ እንዲሰጠው ይጠይቃል። 3 ቀን ይፈጅበታል፤ በመጨረሻም ወጣቱ በስፍራው እንዳልነበረ ያረጋግጣል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የፖሊስ ሥራ አላውቅም። አንድ ንጹሕ ሰው ከእስር ድኗል፤ ዕቃውን የወሰደውን ሰው መፈለግም አልተቋረጠም። በቀረበው ቅጽ ላይ ግን የእነዚህ 3 ቀናት ዋጋ ዜሮ ነው፤ እንዲያውም አንድ ሊሆን ይችል የነበረ ቁጥር ስላመለጠው መርማሪው በድካሙ ከስሯል። ቅጹን ያሰቡት ሰዎች ይህን አስበው እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ቅጹ ለመርማሪው በየዕለቱ የሚነግረው ግን ይህንኑ ነው።

የመርማሪ ሥራ ወደ ጥፋተኝነት ብቻ ያዘነበለ እንዳይሆን ሕግ አውጪዎች በግልጽ የደነገጉት በዚሁ ስጋት የተነሣ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓትና ምርመራ ሕግና በእርሱ መሠረት የተዘጋጀው የአሠራር ደንብ፣ መርማሪው ተጠርጣሪውን የሚያስጠይቀውንም ነጻ የሚያወጣውንም ምክንያታዊ የምርመራ አቅጣጫ ሁሉ እንዲከተል ያስገድዳሉ። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሮም ስምምነት በአንቀጽ 54 ዐቃቤ ሕጉ የሚያስቀጣውንና ነጻ የሚያደርገውን ፍሬ ነገር እኩል እንዲመረምር ይጠይቃል። እንግዲህ በአንድ በኩል ሕጉ ሁለቱንም እኩል መርምር ይላል፤ በሌላ በኩል ደመወዝና ሹመት የያዘው ቅጽ አንዱን ብቻ ይቆጥራል። መርማሪው ለየትኛው እንደሚያደላ ለመገመት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም።

በዐቃቤ ሕግነት ሳገለግል ያጋጠመኝን ላንሣ። መዝገብ ከሚልኩልን ጣቢያዎች በአንዱ እያንዳንዱ መርማሪ በሩብ ዓመቱ የሚያስፈርደው ቁጥር ተቆርጦ ተሰጥቶት ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው መዝገብ ይጎርፍብን ነበር። ከእነዚህ ሰሞኖች በአንዱ ሦስት የስርቆት መዝገቦች በአንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ደረሱ። ተጠርጣሪዎቹ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቀኑም ቦታውም የተለያየ ነው፤ ሦስቱም የእምነት ቃል ሰጥተዋል። የመጀመሪያውን ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር ያነበብኩትን የደገምኩ መሰለኝ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ድርጊቱን የፈጸምኩ ሲሆን በመፈጸሜም ተጸጽቻለሁ» ይላል። ሦስተኛውም ቃል በቃል ያንኑ ይላል። «ተጸጽቻለሁ» የሚለው ቃል በሦስቱም ላይ አንድ ፊደል ጎድሎት «ተጸቻለሁ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ቃሉ የተጻፈበትን ቋንቋ በቅጡ አይናገርም ነበር።

መዝገቦቹን መለስኳቸው። መርማሪውን አግኝቼ ሳነጋግረው አልካደም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእርሱ ጋር በሌሎች ጉዳዮች ላይ ሠርቼ ትጋቱን አውቃለሁ። ዒላማውን ለመሙላት የጎደለው 3 መዝገብ እንደነበር ነገረኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ድርጊቱን ፈጽመውት ሊሆን ይችላል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ግን አልቀረም። ቃላቸው እምነት የሚጣልበት አልነበረም፤ የእምነት ቃል አለ ስለተባለ የጣት አሻራ የሚያነሣ ሰውም ወደ ስፍራው አልተላከም። ዒላማው ንጹሕ ሰው እንዲጎዳ ያደርጋል ሲባል ብዙዎች ወንጀለኛውን በመያዝ ረገድ ግን ይጠቅማል ብለው ያስባሉ። በእነዚያ መዝገቦች ላይ ያየሁት ሁለቱም አብረው እንደሚጠፉ ነው።

«ቁጥሩ ይቅርና በመቶኛ እንመዝን» የሚል አማራጭ ይቀርብልዎት ይሆናል። ብዛትን ስንቆጥርና ምጣኔን ስንቆጥር የሚደርሰው ጉዳት የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላው መድኃኒት አይደለም።

ብዛት ሲቆጠር ፖሊስ ወደሚቀለው ሰው ይሄዳል። በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ለፍትሕ የቀረቡ ወንጀሎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007/08 በጀት ዓመት 1.25 ሚሊዮን እንዲደርስ ዒላማ አስቀምጦ ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ የፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔ ብቻ ሳይሆን ፖሊስ በራሱ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያና በቦታው የሚጻፍ የቅጣት ወረቀትም ይካተት ነበር። ዒላማው ከጊዜው ቀድሞ ተሳካ። ነገር ግን ውስብስብ የማጭበርበር ወንጀልን ለወራት ማጣራትና በትምህርት ቤት ደጃፍ የተደባደበን ልጅ መያዝ በቆጠራው ላይ እኩል አንድ፣ አንድ ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንጀል ፍትሕ ሥርዓቱ የገቡት ልጆች ቁጥር በ2006/07 ከ100 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2008 ዒላማው ተለውጦ በከባድ ወንጀሎች ላይ እንዲያተኩር ሲደረግ ይህ ቁጥር በፍጥነት ማሽቆልቆል ጀመረ። የልጆች ጠባይ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይለወጥም፤ የተለወጠው ቆጠራው ነው። ቀድሞ በአስተማሪ ወይም በወላጅ ተግሣጽ ያልቅ የነበረ ጠብ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ የሚከተል መዝገብ ሆኖበት ነበር።

ምጣኔ ሲቆጠር ደግሞ የሚከብደው ጉዳይ ይጣላል። በዚያው አገር የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአስገድዶ መድፈር ክሶች 60 በመቶ የማስቀጣት ምጣኔ እንዲገኝ በውስጥ አሠራሩ ግብ አስቀምጦ እንደነበር በ2019 ታውቋል፤ መሥሪያ ቤቱም ይህ ዓይነቱ ግብ ተገቢ እንዳልነበረና ያልተፈለገ ግፊት ሊፈጥር ይችል እንደነበር አምኗል። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። 60 በመቶ ለመድረስ ብዙ ማስፈረድ አያስፈልግም፤ የሚያጠራጥሩትን ጉዳዮች አለመክሰስ ይበቃል። ምስክር በሌለበት የተፈጸመባትን ጥቃት ልታስረዳ የመጣች ሴት ለምጣኔው አደጋ ትሆናለች። ይህ የዐቃቤ ሕግ ምሳሌ ቢሆንም በመርማሪ ደረጃ ሲሆን ይብሳል፤ ዐቃቤ ሕግ የተወው መዝገብ ቢያንስ በጽሑፍ ይቀራል፤ መርማሪው «ማስረጃ የለሽም፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» ብሎ የመለሳት ሴት ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አትገኝም።

ስለዚህ አንድ መምሪያ «የማስቀጣት ምጣኔያችን 90 በመቶ ነው» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከስንቱ ነው የሚለው ነው። 100 ሰዎች አቤቱታ ይዘው መጡ፣ 40ው ተመዘገበ፣ ከእነርሱ የ20ው ምርመራ ተጠናቆ ለዐቃቤ ሕግ ተላከ፣ በ10ሩ ክስ ተመሠረተ፣ 9ኙ ተፈረደባቸው እንበል። ምጣኔው ከክስ ሲቆጠር 90 በመቶ ነው፤ ከአቤቱታ ሲቆጠር 9 በመቶ ነው። መርማሪውን ከክስ በሚቆጠረው ምጣኔ ስንመዝነው ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ አጭሩ መንገድ ከ100ው 40ውን ወደ 30 ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝና በዌልስ የፖሊስ ተቆጣጣሪው አካል እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው ማጣራት ለፖሊስ ከደረሱት ወንጀሎች 19 በመቶ ያህሉ ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን አረጋግጧል፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይም የፖሊስ የወንጀል አኃዝ ይፋዊ የጥራት ማረጋገጫውን ተነጥቋል። በጃፓን ክስ ከተመሠረተባቸው ተከሳሾች ከ99 በመቶ በላይ ጥፋተኛ ይባላሉ፤ ለዚህ ዋናው ምክንያት ዐቃቤያነ ሕጉ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ጉዳይ አለመክሰሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ከፍተኛ ምጣኔ ባለበት አገርም እ.ኤ.አ. በ1968 ሞት የተፈረደበት ሰው በ2024፣ በ88 ዓመት ዕድሜው፣ መርማሪዎች የፈበረኩት ማስረጃ እንደቀረበበት ፍርድ ቤት ገልጾ በነጻ አሰናብቶታል።

ዒላማውን በሰፊው ሞክሮ የተወ አገር ካሉኝ ቻይና ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የአገሪቱ ማዕከላዊ የፖለቲካና የሕግ ጉዳዮች ኮሚሽን የእስራት ብዛት፣ የክስ ምጣኔ፣ የጥፋተኝነት ውሳኔ ምጣኔና የመሳሰሉት ከምዘና እንዲወጡ አዝዟል። ከዚህ ውሳኔ በፊት አገሩን ያሳዘኑ ጉዳዮች በተከታታይ ወጥተው ነበር። ከእነርሱ አንዱን ከአእምሮዬ ማውጣት አልችልም። በሄናን ግዛት በ1999 ጭንቅላት የሌለው ሬሳ ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ከመንደሩ አንድ ሰው ጠፍቶ ስለነበር ሟቹ እርሱ ነው ተባለ፤ ከጠፋው ሰው ጋር ተጣልቶ የነበረ አንድ ገበሬም ተይዞ በድብደባ ብዛት አመነ። የሬሳው ማንነት ባለመረጋገጡ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን መልሶት ነበር፤ ጉዳዩ እልባት እንዲያገኝ ግፊት ሲበዛ ግን ክሱ ቀረበና ገበሬው ተፈረደበት። በ2010 ሟች የተባለው ሰው በሕይወት ወደ መንደሩ ተመለሰ። ገበሬው 11 ዓመት ታስሯል። ጉድጓድ ውስጥ የተገኘው ሬሳ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከፍርዱ በኋላ ባሉት ዓመታት ምላሽ ሳያገኝ ቀረ፤ በወረቀት ላይ ጉዳዩ ተዘግቶ ነበርና።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ አኃዝ ውሳኔ ሲመሠረትበት የሚለካውን ነገር ራሱን እንደሚያበላሽ ሲያስረዳ፣ ከምሳሌዎቹ አንዱ ፖሊስ ደረስኩባቸው የሚላቸው ወንጀሎች ምጣኔ ነበር። በቁጥጥር ሥር ያለ ሌባ ያልሠራውንም ስርቆት ጨምሮ እንዲያምን፣ በምላሹም ቅጣቱ እንዲቀልለት የሚደረግ ድርድር በዚያን ጊዜም የታወቀ ነበር። በእኛ ሙያ ይህ አዲስ ነገር አለመሆኑን ለአለቆችዎ ሊጠቅሱላቸው ይችላሉ።

ከበላይ የቀረበው ሐሳብ ግን ከባዶ የመነጨ ስላልሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባል። አቤቱታቸው ወራት ሙሉ በመሳቢያ ያደረባቸው ሰዎች አሉ፤ ምንም የማይሠሩ መርማሪዎችም አሉ። «በሥራዬ እንጂ በውጤት አትመዝኑኝ» የሚለው አነጋገር ለሰነፍ መሸሸጊያ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። መርማሪ መመዘን አለበት፤ እንዲያውም አሁን ከሚመዘነው በላይ በጥብቅ ሊመዘን ይገባል። የሚመዘነው ግን በእጁ ባለው ነገር ነው፤ በእጁ ያለው ደግሞ መዝገቡ ነው።

መዝገብን መመዘን ይቻላል። ከእያንዳንዱ መርማሪ በሩብ ዓመቱ ከተዘጉት መዝገቦች ጥቂቱ በዕጣ ይወጣሉ። ከዚያ ጣቢያ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች፣ የፍርዱን ውጤት ሳያውቁ፣ ለየብቻ ያነቧቸዋል። ጥቆማው በደረሰ በስንት ሰዓት ወደ ስፍራው ተሄደ? አሻራና ናሙና በጊዜው ተነሣ? የሕክምና ማስረጃ በወቅቱ ተጠየቀ? ተጠርጣሪው ያቀረበው መከላከያ ተጣራ ወይስ በአንድ መስመር ታለፈ? ቃሉ በራሱ አነጋገር ነው የተጻፈው? ይህ የመጨረሻው በእኔ ዘንድ ከሁሉም ይበልጣል፤ የተጠርጣሪ ቃል በድምፅ ወይም በምስል የሚቀረጽ ከሆነም አንባቢዎቹ ቀረጻውን ከጽሑፉ ጋር ሊያስተያዩ ይገባል። ተጠርጣሪን ነጻ ያደረገ መዝገብ በዚህ ንባብ ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ የተፈረደበት ሰው መዝገብም ሊወድቅ ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት የሱቁ መርማሪ 3 ቀናት ዋጋ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ዐቃቤ ሕግ የመለሳቸው መዝገቦች ብዛት ሳይሆን የተመለሱበት ምክንያት ይያዝ። አንድ መርማሪ በተደጋጋሚ ምስክር ሳያነጋግር የሚልክ ከሆነ ያ የእርሱ ጉድለት ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤት ስለዘገየ ብቻ ከተመለሰበት ግን አይደለም። የአቤቱታ ምዝገባውን ደግሞ ከመርማሪው እጅ ያውጡት፤ የሚመዘግበው ሰው በምርመራው ውጤት የማይመዘን ሰው ይሁን። ያለዚህ ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ከመግቢያው በር ላይ ይበላሻል። አቤቱታ አቅራቢው ጉዳዩ ከምን እንደደረሰ በየጊዜው ተነግሮት እንደሆነ ራሱ ይጠየቅ፤ ሰው በተፈረደለት ብቻ ሳይሆን በሰሙት ጊዜም ፍትሕ አገኘሁ ይላልና።

የጥፋተኝነት ውሳኔ አኃዝ ይጣል አላልኩም። በአገር ወይም በክፍለ አገር ደረጃ፣ ለብዙ ዓመታት ተይዞ፣ ከአቤቱታ እስከ ፍርድ ያለው መንገድ በሙሉ ሲታይ ብዙ ይናገራል። በአንድ የወንጀል ዓይነት ነጻ የሚባሉ ተከሳሾች ከበዙ ምክንያቱ ሊጠና ይገባል፤ በነጻ የተሰናበተ እያንዳንዱ ጉዳይም ከፍርዱ በኋላ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አብረው ተቀምጠው ሊያነቡት ይገባል። ያ ንባብ ግን በማንም ስም ነጥብ የሚጻፍበት ከሆነ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ለአለቆችዎ መልስ ሲያዘጋጁ በክርክር ብቻ እንዳይሄዱ እመክራለሁ። ባለፈው ዓመት ከተዘጉት መዝገቦች 60 ያህሉን በዕጣ ያውጡና በሁለት መንገድ ያስመዝኗቸው፤ አንዴ በጥፋተኝነት ውሳኔ ብዛት፣ አንዴ ከላይ በገለጽኩት ንባብ። መርማሪዎቹን በሁለቱም ውጤት ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው፤ ስማቸውን በቁጥር ይተኩት። በአንደኛው ዝርዝር ከላይ፣ በሁለተኛው ከታች የወጡ መርማሪዎች ካሉ፣ የእነርሱን መዝገቦች ብቻ ይዘው ወደ ስብሰባው ይግቡና አለቆችዎ ራሳቸው ገልጠው እንዲያነቧቸው ይጠይቁ።